ጥቅልና ዕትም፦ በነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ዙሪያ የተደረገ ክርክር አጭር ታሪክ

ማናቸውም የእጅ ሥራ ከሠሪው ቤት ወጥቶ ከተጠቃሚው እጅ እስኪገባ ድረስ የሚያልፍበት መንገድ አለው። የኮምፒዩተር ፕሮግራምም ከዚህ ደንብ ውጭ አይደለም። የፕሮግራሙ ጸሐፊ በአንድ አገር፣ ተጠቃሚው በሌላ አገር ሆነው ሳለ፣ በመካከላቸው ሥራውን ተቀብሎ የሚመረምር፣ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚያስማማ፣ የሚጠቀልልና ቀን ቆርጦ የሚያወጣ ሦስተኛ ወገን ይገኛል። ይህ ሦስተኛ ወገን ምን ያህል ሥልጣን ይኑረው? ሥራው አለቀ የሚባለውስ መቼ ነው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሠሪዎችን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያከራክሩ ኖረዋል። ክርክሩ ከባሕር ማዶ የተጀመረ ቢሆንም፣ ውጤቱ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች በቀጥታ የሚነካ ስለ ሆነ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ለሕዝብ ሲያሰራጭ ያቀረበው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት ብቻ ነበር። መኪና ለመንዳት ሞተር ብቻውን እንደማይበቃ ሁሉ፣ በኮምፒዩተር ለመሥራትም እምብርቱ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ እምብርቱን ከልዩ ልዩ ሰዎች ፕሮግራሞች ጋር አዛምደው የሚያቀርቡ «ስርጭቶች» ተፈጠሩ። ከመጀመሪያዎቹ ስርጭቶች መካከል አንዳንዶቹ በስሕተት የተሞሉ ስለ ነበሩ፣ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ኢያን መርዶክ በኦገስት 1993 ዴቢያን የተባለውን ስርጭት መመሥረቱን አስታወቀ። የእርሱ ሐሳብ፣ ስርጭቱ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ከመቆም ይልቅ፣ እያንዳንዱ ጥቅል የራሱ ኃላፊ ያለው የብዙ ፈቃደኞች የጋራ ሥራ እንዲሆን ነበር።

ጥቅል ማለት የፕሮግራሙን ፋይሎች፣ ስሙንና የዕትሙን ቁጥር፣ እንዲሁም ያለ እነርሱ ሊሠራ የማይችልባቸውን የሌሎች ጥቅሎች ዝርዝር አንድ ላይ የያዘ ዕቃ ነው። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ከመጨረሻው ዝርዝር ነው። ጥቅል «ሀ» ጥቅል «ለ»ን፣ «ለ» ደግሞ ጥቅል «ሐ»ን የሚሻ ከሆነ፣ የ«ሐ» ጸሐፊ ሥራውን ባሻሻለ ቁጥር «ለ» እና «ሀ» ሊሰናከሉ ይችላሉ። በ1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር የወጣው አፕት የተባለው መሣሪያ ተፈላጊዎቹን ጥቅሎች አፈላልጎ የመትከሉን ድካም ለኮምፒዩተሩ አስረከበው። መቼና በማን ፈቃድ እንደሚለወጡ የመወሰኑ ጉዳይ ግን ከሰዎች ትከሻ አልወረደም።

የመጀመሪያው ታላቅ ክርክር የዕትም ቀንን የሚመለከት ነበር። የዴቢያን ሰዎች ልማድ ዕትሙ ሲበስል ይወጣል የሚል ነው። ይህ አቋም ጥንቃቄ የተመላበት ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል፤ በጁላይ 2002 ከወጣው ዕትም በኋላ ተከታዩ የወጣው በጁን 2005፣ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነበር። በዚያን ጊዜ ውስጥ አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ወጡ፤ አሮጌው ዕትም ግን ብዙዎቹን አያውቃቸውም ነበር። በዚህ መካከል ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ የዴቢያንን ጥቅሎች መሠረት ያደረገውን ኡቡንቱን በኦክቶበር 2004 አወጣ። ኡቡንቱ በየስድስት ወሩ እንደሚታተም ቃል ስለ ገባ፣ የዕትሙ ቁጥር ራሱ ዓመቱንና ወሩን የሚያመለክት ሆነ፤ 4.10 ማለት የ2004 ዐሥረኛ ወር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመት ድጋፍ እንዲያገኝ የታቀደው የ2006 ዕትም በኤፕሪል መውጣት ሲገባው እስከ ጁን ዘገየ። ቀን ቆርጠው የሚሠሩትም ቢሆኑ፣ ሥራው ካልበሰለ ቀኑን መግፋት ግድ እንደሚሆንባቸው ታየ።

ሁለተኛው ክርክር በገንዘብ ምክንያት ተነሣ። በ2006 ተከታዩ የዴቢያን ዕትም በዲሴምበር እንዲደርስ በማሰብ፣ ከአባላቱ አንዳንዶቹ ገንዘብ አሰባስበው ለሁለቱ የዕትም ኃላፊዎች ለየአንዳንዳቸው የአንድ ወር ሥራ ደመወዝ ሊከፍሉ ተነሡ። በደቦ በሚታረስ ማሳ ላይ ለሁለት ሰዎች ብቻ የቀን ምንዳ ቢከፈል የሌሎቹ ልብ ምን እንደሚሆን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በነፃ ይደክሙ ከነበሩት መካከል አንዳንዶቹ ቅር ተሰኝተው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ዕትሙም የወጣው በታሰበው ወር ሳይሆን በኤፕሪል 2007 ነበር። ለመዘግየቱ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ በፈቃደኝነት በቆመ ማኅበር ውስጥ ገንዘብ ሥራን ለማፋጠን ሁልጊዜ እንደማይበቃ ነገሩ አስተምሯል።

ሦስተኛው ጥያቄ የጠቅላዩን ሥልጣን ይመለከታል። ጠቅላዩ የጸሐፊውን ሥራ እንደ ወረደ ያሳልፍ ወይስ ያርመው? በ2006 በዴቢያን ውስጥ ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጢር መጠበቂያ ጥቅል ላይ፣ ትርፍ የመሰሉ ጥቂት መስመሮች ተነሡ። በሜይ 2008 እንደ ተገለጠው፣ የተነሡት መስመሮች የምስጢር ቁልፎቹ የማይገመቱ እንዲሆኑ የሚያደርጉ ነበሩ፤ እነርሱ ከጎደሉ በኋላ በአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ ለአንድ የቁልፍ መጠን ሊወጡ የሚችሉት ቁልፎች ከ32,768 የማይበልጡ ሆኑ። ይህን ያህል ቁልፍ አንድ በአንድ ሞክሮ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ጸሐፊውን የሚደግፉ ወገኖች ይህን ታሪክ እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ።

በአንጻሩ በማርች 2024 የሆነው ለጠቅላዮቹ ወገን የሚመሰክር ነው። ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ፣ ከጸሐፊዎቹ በኩል፣ በስውር የገባ የጓሮ በር ተገኘ። የተበላሸው ዕትም በዴቢያን የሙከራ ክፍሎች ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከተረጋጋው ዕትም ውስጥ ግን አልደረሰም ነበር። ዘገምተኛ ተብሎ የተነቀፈው ሥርዓት በዚያን ቀን ጋሻ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ታሪክ ያለ በቂ መመካከር የተደረገ እርማት፣ ሌላው ያለ ምርመራ የተሰጠ እምነት የሚያመጣውን አደጋ ስለሚያሳይ፣ ሁለቱ አይጣረሱም።

አለመግባባቱ እስከ መለያየት የደረሰበትም ጊዜ አለ። በ2014 ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ሌሎቹን አገልግሎቶች የሚያስጀምረው ፕሮግራም ሲስተምዲ ይሁን አይሁን የሚለው ጥያቄ ለስምንት አባላት ኮሚቴ ቀረበ። ድምፁ እኩል ለእኩል ስለ ተከፈለ የሊቀ መንበሩ ድምፅ ለሲስተምዲ ወሰነ። በውሳኔው ያልተደሰቱት በዚያው ዓመት ተለይተው ዴቩዋን የተባለ ስርጭት መሥርተው የመጀመሪያውን የተረጋጋ ዕትማቸውን በ2017 አወጡ። ነፃ ፈቃድ ለተሸናፊው ወገን ንብረቱን ይዞ የመውጣት መብት ይሰጠዋል፤ የሚደክመው የሰው ጉልበት ግን በሁለት ይከፈላል።

ይህ ሁሉ ለሞርሲቶ ምኗ ነው? የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ከቋንቋ ይጀምራል። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲመዘገብ ሥራው ያለቀ መስሎ ነበር። ሆኖም ፊደሉ ከተጠቃሚው ገበታ እንዲደርስ ቅርጸ ፊደሉም፣ የመጻፊያ ስልቱም፣ የአገሩ ደንብ ፋይልም በየጥቅሉ መግባት ነበረባቸው። የአገር ደንብ ፋይል የሚባለው የዕለታትንና የወራትን ስም፣ የቁጥርንና የገንዘብን አጻጻፍ የያዘ አጭር ጽሑፍ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የአማርኛን፣ የትግርኛን፣ የሲዳምኛን፣ የወላይትኛንና የሌሎችን ፋይሎች አዘጋጅቶ በሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ ውስጥ እንዲገቡ አድርጓል። የሲዳምኛው በላቲን ፊደል፣ የወላይትኛው በግዕዝ ፊደል ተጻፈ፤ የወላይታ ትምህርት ቤቶች ግን ከ1990ዎቹ ጀምሮ በላቲን ፊደል ያስተምሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ከቀረቡት መካከል ሀዲይኛና ከምባትኛ አልነበሩም።

ከዚህ ላይ የዕትም ቀን ትርጉሙ ጎልቶ ይታያል። ኢንተርኔት ለማይደርሰው ወይም ለሚቆራረጥበት ሰው የተረጋጋ ዕትም ታላቅ በረከት ነው፤ አንድ ጊዜ በዲስክ የተገኘው ለዓመታት ያገለግላል። ኡቡንቱ እስከ 2011 ድረስ ሲዲዎችን በፖስታ በነፃ ይልክ የነበረውም ይህን ፍላጎት በመገንዘብ ነው። ዳሩ ግን የተረጋጋ ዕትም አዲስ ነገር መቀበል የሚያቆምበት ቀን አለው። ከዚያ ቀን በኋላ የደረሰ የሀዲይኛ ፋይል ቢኖር፣ ዴቢያን ከ2005 ወዲህ በያዘው ልማድ ሁለት ዓመት ያህል መጠበቅ ይኖርበታል። የሞርሲቶ መምህር የሚፈልገው እርጋታና የቋንቋው መግባት በአንድ ቀን ላይ ይጋጫሉ ማለት ነው።

እንግዲህ የሠላሳ ዓመቱ ክርክር ሲጠቃለል ቀን መቁረጥ አደጋን ማከፋፈል ነው። ፈጥኖ የሚያወጣ አደጋውን ለተጠቃሚው ያሸክማል፤ አዘግይቶ የሚያወጣ በሩ ላይ የቆመውን ያስጠብቃል። አከፋፈሉን የሚወስኑት ደግሞ በክርክሩ ላይ የተገኙት ብቻ ናቸው፤ በነፃ ሶፍትዌር ሸንጎ የቀረ ሰው ድምፅ የለውም። ለመገኘት ግን ሹመት አያሻም፤ አንድ ጥቅል ተረክቦ በኃላፊነት መጠበቅ ይበቃል። የወላይትኛው ፋይል እንደሚያሳየው ቋንቋን በሩቅ ሆኖ ማገልገል በጎ ቢሆንም የባለቤቱን ዓይን አይተካም። በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሞርሲቶ ያሉ ወጣት መሐንዲሶች ከቋንቋ መምህራን ጋር ተቀምጠው የዕለታቱን ስም በትክክል ቢጽፉና ከሚቀጥለው ዕትም መዝጊያ ቀን በፊት ቢያቀርቡ፣ ያ አጭር ፋይል ሊኑክስ በሚሠራበት አገር ሁሉ ይደርሳል።