ከንግሥቲቱ ምስል ጀርባ ያለው ክኒን

እ.ኤ.አ. በ1893 የኒውዚላንድ ፖስታ ቤት ገንዘብ የሚያመጣ መላ አገኘ። የቴምብሩ ፊት የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል አለበት፤ ጀርባው ግን ሙጫ ብቻ ነው። ባዶ ቦታ ለምን ያለ ጥቅም ይቀመጣል? ውል ተፈረመና በቴምብሮቹ ጀርባ የካድበሪ ካካዎ፣ የሰንላይት ሳሙና፣ የቢቻም የሆድ ድርቀት ክኒን ማስታወቂያ ታተመ።

ያን ጊዜ ቴምብር የሚለጠፈው በምላስ ተልሶ ነው። ሕዝቡ ነገሩን አልወደደውም። ቀለሙ ሲላስ ጤና ይጎዳል ብለው የሰጉም ነበሩ። ሙከራው ብዙም ሳይቆይ ቀረ። ዛሬ እነዚያን ቴምብሮች አጥብቆ የሚፈልጋቸው ቴምብር ሰብሳቢ ነው።

ታሪኩ ቢያስቅም ያነሣሁት ለሳቅ አይደለም። ያው ሐሳብ ዛሬ ልብሱን ቀይሮ ይመላለሳል፦ «የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጽ በየቀኑ ብዙ ሰው ይጎበኘዋል። በጀት ጠቧል። ጠርዙን ለማስታወቂያ ብናከራየው ምን አለበት?» ላይ ላዩን ሲያዩት ብልህነት ይመስላል። ግብር ሳይጨመር ገቢ ይገኛል። ማን ይጎዳል?

መልሱን ታሪክ ውስጥ እንፈልገው።

የድረ ገጽ ማስታወቂያና የመንግሥት ድረ ገጽ የአንድ ወር ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። የአሜሪካ ቤተ መንግሥት፣ ዋይት ሀውስ፣ የመጀመሪያ ድረ ገጹን የከፈተው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1994 ነው። በዚያው ወር ሆትዋየርድ የተባለ የድረ ገጽ መጽሔት የኤቲ ኤንድ ቲን ማስታወቂያ በገጹ አናት ላይ ሰቀለ። ዛሬ ስልካችንን የሞላው የማስታወቂያ ሰሌዳ ከዚያ ይጀምራል። ሁለቱ አብረው ቢወለዱም አሜሪካኖቹ አንድ ቤት እንዲያድሩ አልፈቀዱም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፌዴራል ደንብ በመንግሥት የድረ ገጽ አድራሻ የግል ድርጅትን ማስተዋወቅ ከለከለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መንግሥት አንዱን ነጋዴ የደገፈ እንዳይመስል።

ከድረ ገጹ ውጭ ግን በሩ ሁሉ አልተዘጋም። የፍሎሪዳ ግዛት ለመኪና ባለቤቶች በሚልከው የምዝገባ እድሳት ፖስታ ውስጥ የንግድ ማስታወቂያ እንዲገባ ፈቅዶ ነበር። ባለመኪኖች «ለመንግሥት የሰጠነው መረጃ ለገበያ ዋለ» ብለው ማስታወቂያውን ያስገባውን ድርጅት ከሰሱ። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ለድርጅቱ ፈረደ። በሕግ ተረቱ። ቅሬታቸው ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ሰው ፖስታውን የሚከፍተው ወድዶ አይደለም። ካልከፈተው ይቀጣል።

ሐሳቡን በሰፊው የሞከሩት ጃፓኖች ናቸው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ማዕከላዊው መንግሥት ለከተሞችና ለክፍለ ግዛቶች የሚሰጠውን ድጎማ ሲቀንስ፣ ከተሞች ያላቸውን ሁሉ ማከራየት ጀመሩ። ዮኮሃማ ከፊት ቀደመች። የደብዳቤ ፖስታዎቿንም የድረ ገጿንም ጠርዝ ለማስታወቂያ አቀረበች። ትልቁ ገንዘብ የመጣው ግን ከሌላ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የስታዲየሟን ስም ለኒሳን ሸጠች፤ በዓመት 470 ሚሊዮን የን፣ ለአምስት ዓመት። የድረ ገጽ ጠርዝ እንዲህ ያለ ገንዘብ አያመጣም። ለዚያችው ጥቂት ገቢ ደግሞ የጃፓን ከተሞች የትኛው ማስታወቂያ እንደሚገባ፣ የትኛው እንደማይገባ የሚወስን ዝርዝር መመሪያ ማውጣትና አንድ በአንድ መመርመር ነበረባቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንጠይቅ። በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ለማስታወቂያ ጥሩ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ሳሙና ሻጩ አይደለም። እሱ ሰው የሚዝናናበትን ቦታ ይመርጣል። ጥሩ ዋጋ የሚከፍለው የባለጉዳዩን ችግር የሚያውቀው ነው። እንግሊዝ አገር ይህ በግልጽ ታይቷል። ሰዎች ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ለማደስ ጎግል ላይ ሲፈልጉ፣ የመንግሥትን ገጽ መስለው የተሠሩ የግል ድረ ገጾች በማስታወቂያ ከላይ ይመጡ ነበር። ብዙ ሰው መንግሥት በነጻ ወይም በርካሽ ለሚሰጠው አገልግሎት ተጨማሪ ገንዘብ ከፈለ። እ.ኤ.አ. በ2014 መንግሥት ዘመቻ እስከማድረግ ደረሰ። ያ ሁሉ የሆነው ማስታወቂያው ከመንግሥት ገጽ ውጭ እያለ ነው። በገጹ ውስጥ፣ ከአርማው ጎን ቢሆንስ?

ሌላም አደጋ አለ። የዛሬ ማስታወቂያ እንደ ጋዜጣ ማስታወቂያ ታትሞ አይቀመጥም። ከሌላ ኩባንያ ኮምፒውተር የሚመጣ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ብራውዝአላውድ የተባለ፣ ጽሑፍ የሚያነብ አጋዥ ፕሮግራም ተጠልፎ ከ4,000 በላይ ድረ ገጾች ላይ የጎብኚዎችን ኮምፒውተር ተጠቅሞ ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ኮድ ተሰገሰገ። ከተጠቁት መካከል የእንግሊዝ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ድረ ገጽ ራሱ ነበረበት! ፕሮግራሙ የማስታወቂያ አልነበረም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ ለሌላ ሰው ኮድ በር የከፈተ ቤቱን በራሱ ቁልፍ ብቻ መጠበቅ አይችልም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። «አዲስ ዘመን ጋዜጣ የመንግሥት ሆኖ ማስታወቂያ ያወጣ የለም እንዴ? ቴሌቪዥኑስ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ጋዜጣ የማይፈልግ አይገዛም፤ ቴሌቪዥን የሰለቸው ይዘጋል። ፓስፖርት፣ ንግድ ፈቃድ፣ ግብር የሚፈልግ ሰው ግን ሌላ ቦታ መሄድ አይችልም። አማራጭ የሌለው ባለጉዳይ ነው። ወረፋ ላይ ያለ ሰው ዓይን ለገበያ አይቀርብም።

አንዲት ልጅ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ዐረብ አገር ሄዳ ሠርታ ቤተሰቧን ልትረዳ አስባለች። ብልህ ናት፤ ደላላ አላመነችም። የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ከፈተች። ከአርማው ጎን የአንድ ኤጀንሲ ማስታወቂያ አለ። ምን ብላ ታስባለች? «መንግሥት ያወቀው ነው» ትላለች። በትንሽ ፊደል «ማስታወቂያ» ተብሎ ቢጻፍ አያድናትም። ኤጀንሲው የከፈለው ለጠርዙ አልነበረም፤ ለዚያ አርማ ነው። ነገ ችግር ቢደርስባት ከማስታወቂያው የተገኘው ገንዘብ እሷን ለመመለስ የአውሮፕላን ቲኬት ይሸፍን ይሆን?

የኒውዚላንድ ፖስታ ቤት ያልገባው ይህ ነበር። የቴምብሩ ጀርባ ባዶ አልነበረም። ፊቱ ላይ ያለው የንግሥቲቱ ምስል ጀርባውንም ያስከብረው ነበር። የድረ ገጽ ጠርዝም እንደዚያው ነው።

መንግሥት ገቢ አይፈልግም አላልኩም። ስታዲየም አለው፣ አውቶቡስ አለው፣ አዳራሽ አለው። እነሱን ያከራይ፤ ሒሳቡንም ለሕዝብ ያሳይ። ባለጉዳይ ተገድዶ የሚገባበትን ገጽ ግን ይተውልን። ግድግዳ ይከራያል፤ ማህተም ግን አይከራይም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?