በሆስፒታል ግቢ የሚገኙ የአትክልት ስፍራዎች፦ ለታካሚዎች፣ ለአስታማሚዎችና ለጠያቂዎች የተዘጋጀ መረጃ

በሆስፒታል ቅጥር ግቢ ውስጥ ወይም አጠገብ የሚገኙ ጸጥ ያሉ የአትክልት ስፍራዎች ለግቢው ውበት ብቻ የተዘጋጁ አይደሉም። ታካሚው ከአልጋው ተነሥቶ ንጹሕ አየር የሚያገኝባቸው፣ አስታማሚው ጥቂት የሚያርፍባቸው፣ ጠያቂውም የሕሙማን ክፍሉን ሳያጨናንቅ ከሕመምተኛው ጋር የሚጨዋወትባቸው ስፍራዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ተኝቶ ለሚታከም ሰው ወደ አትክልት ስፍራ መውጣት የሕክምና ክትትሉ አንድ ክፍል በመሆኑ የራሱ ጊዜና ፈቃድ አለው። ይህ መረጃ ተገልጋዮች ስፍራውን በሚጠቅማቸውና ጉዳት በማያስከትል መንገድ እንዲጠቀሙበት ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

የአትክልት ስፍራ ለታካሚ የሚሰጠው ጥቅም

በዚህ ረገድ በስፋት ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ ሮጀር ኡልሪክ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 በሳይንስ መጽሔት ላይ ያሳተሙት ነው። ጥናቱ በፔንሲልቫኒያ ግዛት በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ታካሚዎች መዝገብ የመረመረ ሲሆን፣ ግማሾቹ ከመስኮታቸው ዛፎችን፣ ግማሾቹ ደግሞ የጡብ ግድግዳ የሚያዩ ነበሩ። ዛፍ የሚያዩት በአማካይ 7.96 ቀን፣ ግድግዳ የሚያዩት 8.70 ቀን ተኝተው ታክመዋል። ዛፍ የሚያዩት የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒትም ያነሰ ነበር።

ይህ ውጤት ከአነስተኛ ቁጥር ታካሚዎች የተገኘ በመሆኑ ተመዝኖ ሊታይ ይገባል። አረንጓዴ ስፍራ ጭንቀትን ያቀላል፤ ታካሚው ቀስ በቀስ መራመድ እንዲጀምርም ያበረታታል። በሽታውን ግን አያድንም፤ የታዘዘን መድኃኒት ወይም ክትትልም አይተካም።

በአገራችን ለዚህ አሠራር ተጠቃሽ የሆነው በአዲስ አበባ የሚገኘው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ነው። በዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እና በዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1960ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው ይህ ሆስፒታል በወንዝ ዳር፣ በአትክልት በተሞላ ግቢ ውስጥ ይገኛል። በተራዘመ ምጥ ምክንያት ፊስቱላ የደረሰባቸው እናቶች ብዙዎቹ ከሰው ተገልለው የኖሩ ናቸው። በግቢው ሣር ላይ ተቀምጠው ተመሳሳይ ችግር ካለባቸው እናቶች ጋር መነጋገራቸው ብቻቸውን እንዳልሆኑ እንዲረዱ ያግዛቸዋል። ይህ ግቢ ለታካሚዎቹ የተዘጋጀ እንጂ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መናፈሻ አይደለም።

ከመውጣት በፊት

ተኝቶ የሚታከም ሰው ወደ አትክልት ስፍራ ከመውጣቱ በፊት ተረኛ ነርሷን ወይም ነርሱን ማስፈቀድ ይኖርበታል። ፈቃድ የሚጠየቅባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው፦

• ሐኪሞች ታካሚዎችን በየአልጋቸው እየዞሩ በሚያዩበት ሰዓት በክፍሉ ያልተገኘ ታካሚ ውሳኔ ሳይሰጠው ሊያልፍ፣ ሕክምናውም ሊዘገይ ይችላል።
• ኦክስጅን በመውሰድ ላይ ያለ፣ ደም የሚሰጠው፣ ወይም ልብና አተነፋፈሱ በቅርበት የሚታይ ታካሚ ያለ ባለሙያ ውሳኔ ከክፍሉ መውጣት የለበትም።
• የካንሰር መድኃኒት በሚወስዱና በሌላ ምክንያት የበሽታ መከላከል አቅማቸው በተዳከመ ታካሚዎች ላይ በአፈርና በበሰበሱ ቅጠሎች ውስጥ የሚገኝ ሻጋታ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል።
• እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶች ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋሉ፤ በመሆኑም ጥላ መምረጥ ያስፈልጋል።

ብዙ ቀን ተኝቶ የቆየ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በአንድ ጊዜ ብድግ ሲል ሊያዞረውና ሊወድቅ ይችላል። በመጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ እግሩን አውርዶ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጥ፤ ከዚያም ተደግፎ ይነሣ። የሽንት ማስወገጃ ቱቦ የተገጠመለት ከሆነ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከወገብ በታች መያዝ አለበት፤ ከፍ ካለ ሽንቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል።

በስፍራው ላይ

በደጋ አካባቢዎች የጠዋቱ ቅዝቃዜ ከለቀቀ በኋላ፣ በቆላ አካባቢዎች ደግሞ ማለዳና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መውጣት ይመረጣል። ለመጀመሪያ ቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በቂ ነው። ታካሚውን ብቻውን አይተዉት።

የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ በሚያስልበት ጊዜ የሚወጡት ተሕዋስያን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሚቆዩት ይልቅ በገላጣ አየር ላይ ቶሎ ይበተናሉ። ቢሆንም ታካሚው በአትክልት ስፍራም ጭምብል ማድረግና ከሌሎች ርቆ መቀመጥ ይገባዋል።

ሕፃናት ቅጠልና ፍሬ ወደ አፋቸው እንዳይከቱ ሊጠበቁ ይገባል። እንደ ጉሎና አስተናግር ያሉ ዕፅዋት ፍሬያቸው መርዛማ ነው። ከግቢው ቅጠል ቀጥፎ ለታካሚ ማጠጣት ወይም ቁስል ላይ ማድረግም ፈጽሞ አይገባም። ከቤት የመጣ ባህላዊ መድኃኒት ካለ ከሚታዘዘው መድኃኒት ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ ለሐኪሙ መነገር አለበት።

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በጤና ተቋም ውስጥ ማጨስ የተከለከለ ነው። ያገለገለ ጓንት፣ ፋሻ ወይም መርፌ ሣር ላይ ወድቆ ቢያገኙ በእጅዎ ሳይነኩ ለጥበቃ ወይም ለጽዳት ሠራተኛ ያሳውቁ።

ለአስታማሚዎችና ለጠያቂዎች

ከሩቅ አካባቢ መጥተው ለሳምንታት የሚያስታምሙ ቤተሰቦች የራሳቸውን ጤና ሲዘነጉ ይስተዋላል። አስታማሚው ከደከመ ታካሚውም በሚገባ አይታይም። ስለዚህ ተተኪ ሰው ሲገኝ ወይም ታካሚው ሲተኛ ለነርሷ የት እንዳሉ ነግረው ጥቂት ይረፉ፤ ስልክዎን ክፍት ያድርጉ።

ቁጥራችሁ የበዛ ጠያቂዎች ከሆናችሁ ታካሚው መውጣት ከተፈቀደለት በአትክልት ስፍራው ብትገናኙ በክፍሉ ያሉ ሌሎች ሕሙማን ዕረፍት ያገኛሉ። ምግብ ከቤት ስታመጡ የታዘዘ የአመጋገብ ገደብ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሐዘን የደረሰባቸው ቤተሰቦችም በዚሁ ስፍራ ሊቀመጡ ስለሚችሉ ድምፅን ዝቅ ማድረግና ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍ አለማንሳት ተገቢ ነው።

አስቸኳይ ሁኔታ ሲያጋጥም

ታካሚው የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ የደም መፍሰስ ወይም ራስን መሳት ካጋጠመው እንዲራመድ አያድርጉት። መተንፈስ የተቸገረውን ደገፍ አድርገው ያስቀምጡት፤ ራሱን የሳተውን በጎኑ ያስተኙት። የሚደማ ቁስል ካለ በንጹሕ ጨርቅ ይጫኑት። ከታካሚው ሳይለዩ ሌላ ሰው ወደ ሕሙማን ክፍሉ ወይም በአቅራቢያ ወዳለ የጥበቃ ሠራተኛ ይላኩ።

ጥያቄና አስተያየት

ታካሚዎ መውጣት የሚችል መስሎ ከታየዎት ፈቃድ እስኪመጣ መጠበቅ አይኖርብዎትም፤ ሐኪሙን ወይም ነርሷን እርስዎ ራስዎ ይጠይቁ። ካልተፈቀደም ምክንያቱ እንዲብራራልዎ የመጠየቅ መብት አለዎት። የአትክልት ስፍራው መቀመጫ ከሌለው፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የማይመች ከሆነ ወይም ንጽሕናው ካልተጠበቀ ለሆስፒታሉ አስተዳደር ወይም ለቅሬታ ሰሚ ክፍል ማመልከት ይቻላል።