ቀይ አፈርና ትዕግሥት፤ በጋሞ ደጋ ተክልን መንከባከብና ረጅም ደዌ

ከአርባ ምንጭ ከተማ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ የዓባያንና የጫሞን ሐይቆች ወደ ኋላው ትቶ፣ ከሙዝና ከማንጎ አገር ወደ እንሰትና ወደ ቀርከሃ አገር ይሻገራል። በዚያ ደጋ ቤት ያለ ጓሮ፣ ጓሮም ያለ እንሰት አይታሰብም። እንሰት እንደ ገብስ ተዘርቶ በዓመቱ የሚታጨድ አይደለም፤ ችግኙ ከእናቱ ጉቶ ይበቅላል፤ ከዚያም ከመደብ ወደ መደብ እየተዛወረ፣ ፍግ እየተደረገለት፣ ለመፋቅ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ የጋሞ ደገኛ ከአባቶቹና ከእናቶቹ የወረሰው ዋና ጥበብ በየቀኑ ጥቂት መሥራትና ረጅም ዘመን መታገሥ ነው።

ይሁን እንጂ ሕዝቡን የሚመግበው ቀይ አፈር ጫማ ለሌለው እግር ጠላት ሆኖ ኖሯል። በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የወጣው ድንጋይ በዝናም ብዛት ፈርሶ ቀይ ሸክላ በሆነበት ደጋ፣ በባዶ እግራቸው ከሚያርሱትና ከሚኮተኩቱት ሰዎች የአንዳንዶቹ እግር ከዓመታት በኋላ ማበጥ ይጀምራል። ቆዳው ይወፍራል፤ ይሻክራል፤ ሲሰነጠቅም ፈሳሽ ይወጣዋል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ የሕክምና ሊቃውንት ግን «ፖዶኮኒዮሲስ» ብለው ሰይመውታል፤ ይኸውም እግርንና ትቢያን ከሚያመለክቱ የግሪክ ቃላት የተገኘ ስም ነው። በእንደ ጋምቤላ ባለው ቆላ ትንኝ ከምታስተላልፈው፣ ከትል ከሚመጣው ዝሆኔ ይህ የተለየ ነው። የደጋው ዝሆኔ ትልም ትንኝም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ከእግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ብዙ ጊዜ ከጉልበት አያልፍም።

በጋሞ ምድር ይህ ደዌ መኖሩ በጽሑፍ ከተመዘገበ ቆይቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ ከዓባያ ሐይቅ በላይ በገደል አናት ላይ የተቀመጠች ኦቾሎ የምትባል መንደር አለች። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ማርክ አቤሌስ ሕዝቧ በአደባባይ ተሰብስቦ እንዴት እንደሚመክርና እንደሚወስን ጽፎ በ1983 ዓ. ም. መጽሐፍ አሳትሟል። ከዚያ በኋላ በ1987 ዓ. ም. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በዚችው መንደር ከመቶ ሰው አምስት ያህሉ ዝሆኔ እንዳለበት አስታወቀ፤ ከእርሱም ጋር ቁንጭር በብዛት መገኘቱን ገለጠ። አንዲት መንደር በምክር ቤቷ የታወቀችውን ያህል በደዌዋም ልትታወቅ ቻለች።

የደዌው ምክንያት ግን ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ነበር። በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ሕመምተኞቹ የሚበዙት ቀይ አፈር ባለባቸው ደጋዎች መሆኑን አስተዋለ። በ1972 ዓ. ም. ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጽሑፍ፣ ከሕመምተኞች ብሽሽት በተወሰደው ንፍፊት ውስጥ የአፈር ማዕድን ቅንጣት መገኘቱን አሳየ። ቅንጣቱ በእግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ ፈሳሽ የሚመላለስባቸውንም ቀጫጭን መስመሮች እያቆሰለ ይዘጋቸዋል። ነገር ግን በአንድ እርሻ ከሚውሉት መካከል ስለ ምን አንዱ ታሞ ሌላው ይድናል? ለዚህም በ2012 ዓ. ም. መልስ ተገኘ። የጋሞ ጎረቤት ከሆነችው ከወላይታ በመጡ ሰዎች ላይ የተደረገ ምርመራ፣ ሰው በትውልድ የሚወርሰው አንዳች የሰውነት ጠባይ ለደዌው እንደሚያጋልጠው ገለጠ። ስለዚህ ደዌው በአንዳንድ ቤተ ሰብ የሚደጋገመው በእርግማን ሳይሆን፣ ውርስና አፈር በአንድ እግር ላይ ሲገናኙ ነው።

ይህን ዕውቀት ያላገኘው ሕዝብ ሕመምተኛውን ሲሸሸው ኖሯል። ከቤቱ ጋብቻ ይቀራል፤ ልጆቹም ከትምህርት ቤት ያፍራሉ፤ እርሱ ራሱም ከገበያና ከለቅሶ ቤት ይርቃል። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት ሠርተው እንደ ሆነ ደቀ መዛሙርቱ ጌታን መጠየቃቸው በዮሐንስ ወንጌል ተጽፏል፤ መልሱም ሁለቱንም የማይከስ እንደ ነበረ አንባቢ ያውቃል። ያ ጥያቄ ግን በየደጋው መንደር እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ደዌው ፈጥኖ የማይገድል ነገር ግን የማይለቅ ስለ ሆነ፣ የያዘው ሰው አብሮት መኖርን መማር አለበት። ከእንዲህ ያለ ደዌ ጋር እየኖሩ ተክልን መንከባከብ ለሰው ምን እንደሚሰጥ የሩቅ አገር ታሪክም ያስረዳል። ጃፓናውያን ከቻይና ተቀብለው ያሳደጉት «ቦንሳይ» የተባለ ጥበብ አላቸው፤ ይኸውም ታላቅ የሚሆነውን ዛፍ በትንሽ ሳሕን ተክሎ፣ ሥሩንና ቅርንጫፉን በልክ እየከረከሙ ለብዙ ዘመን ማኖር ነው። በዚያው አገር ማሳኦካ ሺኪ የተባለ ባለቅኔ ነበረ፤ በ1867 ዓ. ም. ተወልዶ በሳንባ ነቀርሳ ታመመ፤ ደዌውም ወደ አከርካሪው አልፎ ከአልጋ ጣለው። በ1899 ዓ. ም. የጓሮውን ተክል ተኝቶ እንዲያይ የመስተዋት በር ተገጠመለት። ከቅል ወገን የሆነ ሐረግም በደጁ ተተከለ፤ ፈሳሹ አክታ ያቀልላል ይባል ነበርና። በ1902 ዓ. ም. እስኪያርፍ ድረስ ያን ጓሮ ከመመልከት፣ ስለ እርሱ ከመጻፍና አበቦቹን ከመሣል አላቋረጠም።

ሆኖም የሺኪና የጋሞ ገበሬ ነገር አንድ አይደለም፤ ልዩነቱም ሊሰወር አይገባም። ለባለቅኔው ተክሉ መጽናኛ ነበረ፤ ለጋሞ ገበሬ ግን እንጀራው ነው፤ የሚያቆስለውም እንጀራው የሚበቅልበት አፈር ነው። ሕመምተኛው እርሻውን ይተው ቢባል ይራባል፤ በባዶ እግሩ ይቀጥል ቢባል ደዌው ይጸናበታል። ስለዚህ መፍትሔው ሰውን ከተክሉ መለየት ሳይሆን በእግሩና በአፈሩ መካከል መጋረጃ ማኖር ነው።

ይህን ለመረዳት የጨንቻን ፖም መመልከት ይጠቅማል። ፖም ወደዚያ ደጋ በ1950ዎቹ ገደማ በሚስዮናውያን እጅ ገባ፤ ዛሬም ፍሬውና ችግኙ የብዙ ቤተ ሰብ ገቢ ነው። የመልካሙ ዘር ቅርንጫፍ ተቆርጦ በሌላ ሥር ላይ ይሰካል፤ በጥብቅም ይታሰራል፤ እንደ ሥሩም ዓይነት ዛፉ አጭር ሆኖ ይቀራል። በረዶና ብርቱ ብርድ በሌለበት ደጋ ዛፉ እንዲያብብ ቅጠሉን በእጅ የሚያረግፉ አትክልተኞች አሉ፤ የቦንሳይ ባለሙያዎችም በአንዳንድ ዛፍ ላይ እንዲሁ ያደርጋሉ። በሁለቱም ዘንድ ሥራው ትንሽ ነው፤ ቢቋረጥ ግን የዓመታት ድካም ይጠፋል።

የታመመ እግርም የሚጠበቀው በዚሁ ሥርዓት ነው። በየዕለቱ በውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ተሐዋስያንን የሚያጠፋ መድኃኒት ባለበት ውሃ ይነከራል፤ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ይደርቃል፤ ቅባት ይቀባል፤ ሲያስፈልግ በፋሻ ይጠቀለላል፤ በተቀመጡም ጊዜ ከፍ ይደረጋል፤ ከዚያም ካልሲና ጫማ ይለብሳል። የዚህ ጥቅም በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች በተካፈሉበት ጥናት ተመዝኗል፤ ውጤቱም በ2018 ዓ. ም. ታትሟል። እግሩ በድንገት እየጋለ ከትኩሳት ጋር ገበሬውን ከአልጋ የሚጥለው ሕመም፣ እንክብካቤውን ወዲያው በጀመሩት ዘንድ በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲደርስ፣ ገና ባልጀመሩት ዘንድ 23.9 ጊዜ ደረሰ። ልዩነቱ ታላቅ አይመስልም፤ ነገር ግን በእርሻ ወራት ከአልጋ የዳነ እያንዳንዱ ቀን ለአንድ ጓሮ ምን ያህል እንደሆነ ገበሬ ያውቃል።

የዓለም የጤና ድርጅት ይህን ደዌ በ2011 ዓ. ም. ከተረሱት የሐሩር አገር ደዌዎች መካከል ቈጠረው። ከዚያም ወዲህ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘው ተገምቷል። ለእነዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ውድ መድኃኒት አይደለም፤ ውሃ፣ ሳሙና፣ ቅባትና ለአበጠ እግር የሚበቃ ጫማ ነው። ነገር ግን ውሃው ከምንጭ በእንስራ የሚቀዳ ነው፤ ጫማውም የሚገዛው ከእህል በተረፈ ገንዘብ ነው። ያበጠ እግር ለሌሎች የተሰፋ ጫማ አይገባውም፤ በልክ የሚሰፋለት ይሻል። ያለዚህ እርዳታ ትዕግሥትን ለሕመምተኛው መስበክ፣ ውሃ ሳያጠጡ ከችግኝ ፍሬ መጠበቅ ይሆናል። ካህኑ በስብከቱ ደዌው እርግማንም ተላላፊም አለመሆኑን ቢያስረዳ፣ የከተማው ሰው ስለ ጫማው ቢያስብ፣ ጎረቤትም በለቅሶና በሠርግ ቤት ስፍራ ቢሰጠው፣ በየቀኑ እግሩን የሚያጥበው ገበሬ የድርሻውን መፈጸም ይችላል፤ ልጆቹም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ተጫምተው ያን ቀይ አፈር ያለ ፍርሃት ሊኮተኩቱት ይችላሉ።