የወለድ ቅነሳና የገበሬው በሬ

የአንድ አገር ኤኮኖሚ ወደ መቀዝቀዝ ሲያዘነብል ማዕከላዊው ባንክ የወለድን ተመን ዝቅ ማድረጉ በዓለም ሁሉ የተለመደ መድኃኒት ነው። ሐሳቡም፥ ገንዘብ በርካሽ ከተገኘ ነጋዴው ይበደራል፥ ፋብሪካው ይስፋፋል፥ ሠራተኛውም ደመወዙን ይዞ ገበያ ይወጣል የሚል ነው። ይህ መድኃኒት የትኛውን በሽታ እንደሚፈውስ ግን ከገዛ ታሪካችን ብንመረምር ይሻላል።

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በአገራችን ምርት በዝቶ የእህል፥ ይልቁንም የበቆሎ ዋጋ እጅግ ወደቀ። ማዳበሪያ በዱቤ የወሰደ ገበሬ ምርቱን ሸጦ ዕዳውን መክፈል ተሳነው። በደቡብ ጎንደር በአንበሳሜ አካባቢ ገና ልጅ ሳለሁ፥ አባቴ ስለ ማዳበሪያ ዕዳ ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ነድቶ ወደ ገበያ ሲሄድ አይቻለሁ። በተከታዩ ክረምት የቀረውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ አረሰ፤ ማዳበሪያ ግን አልወሰደም።

በዚያው በ1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ለተቀማጭ ገንዘብ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ከ6 በመቶ ወደ 3 በመቶ አወረደ። የማበደሪያውን ወለድ የሚወስኑት ግን ባንኮቹ ራሳቸው ነበሩ። በካዝናቸውም ብዙ ያልተበደረ ገንዘብ ነበረ፤ የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ዕዳውን እመልሳለሁ ብሎ የሚተማመን ተበዳሪ ነው። ገበሬውማ ሲቸግረው የሚሄደው ወደ አራጣ አበዳሪ ነው እንጂ ወደ ባንክ አልነበረም፤ አራጣ አበዳሪም የብሔራዊ ባንክን መመሪያ አይሰማም።

ከዚያም ዝናብ ጎደለ። ድርቁ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለርዳታ ዳረገ፤ በ1995 የበጀት ዓመትም የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት በ2 በመቶ ያህል ቀነሰ። በ1996 ዝናቡ ሲመለስ ኤኮኖሚው ከ11 በመቶ በላይ አደገ። ልብ እንበል፤ በሁለቱም ዓመታት ዝቅተኛው ወለድ ያው 3 በመቶ ነበር። የተለወጠው ሰማዩ ነው።

ባንክ በየመንደሩ በሚገኝባት በአሜሪካም ቢሆን መድኃኒቱ ወሰን አለው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከታኅሣሥ 1993 እስከ ታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. አሥራ አንድ ጊዜ ቀንሶ ወለዱን ከ6.5 በመቶ ወደ 1.75 በመቶ አደረሰው። ኤኮኖሚው ግን ከመጋቢት እስከ ኅዳር ስምንት ወር ከማሽቆልቆል አልዳነም። ቅነሳው ጉዳቱን አቀለለው ማለት ይቻል ይሆናል፤ አስቀረው ማለት ግን አይቻልም።

እንግዲህ የወለድ ቅነሳ የሚሠራው ችግሩ የብድር መወደድ ሲሆን፥ ተበዳሪውም ከባንክ ደጅ መድረስ ሲችል ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ተመን ጀምሯል። ይህ ተመን ወደፊት ዝቅ በሚልበት ጊዜ ሁሉ ልንጠይቅ የሚገባን፥ ቅናሹ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አንበሳሜ ይደርሳል ወይ ብለን ነው። መስኖ፥ የእህል ማከማቻና የገበሬ ብድር ካልቀደሙት ግን፥ ርካሽ ገንዘብ ብቻውን የተሸጠውን በሬ አይመልስም።