የፋንክሽን አለመሳካት አያያዝ በፒኤችፒ

የፋንክሽን አለመሳካት አያያዝ ማለት አንድ ፋንክሽን የታዘዘውን ሥራ መፈጸም ሲያቅተው ፕሮግራሙ ይህን ለይቶ ተገቢውን እርምጃ እንዲወስድ የሚያስችል የአጻጻፍ ዘዴ ነው። ፒኤችፒ ራስሙስ ሌርዶርፍ የፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ የቀረበ የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን በተለይ ድረ ገጾችን ለመሥራት ያገለግላል።

የአለመሳካት ምልክቶች

ብዙ ነባር የፒኤችፒ ፋንክሽኖች ሳይሳካላቸው ሲቀር «ፎልስ» የተባለውን የሐሰት ዋጋ ይመልሳሉ። ችግሩ 0 እና ባዶ ጽሑፍም በልል ንጽጽር ከ«ፎልስ» ጋር እኩል ሆነው መቆጠራቸው ነው። ለምሳሌ ፋይል የሚያነብ ፋንክሽን ፋይሉ ባዶ ከሆነ ባዶ ጽሑፍ፣ ፋይሉን መክፈት ካልቻለ ደግሞ «ፎልስ» ይመልሳል። ሁለቱን የሚለየው ዓይነትንም ጭምር የሚያነጻጽረው ባለሦስት የእኩል ምልክት (===) ነው።

ምሳሌ፦ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በኦሮሚያ ስምጥ ሸለቆ ያሉ አንዳንድ ከተሞች ሁለት ስም አላቸው። አዳማ ናዝሬት፣ ባቱ ደግሞ ዝዋይ ይባላሉ። አዳማ የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ2000 በይፋ ቢመለስም ናዝሬት የሚለው አሁንም በሰዎች ንግግር ይሰማል።

አንድ የትኬት ፕሮግራም «አዳማ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ» የሚል ዝርዝርና በዚያው ቅደም ተከተል የተቀመጠ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ጉዞ የዋጋ ዝርዝር አለው እንበል። የፒኤችፒ ዝርዝር ከ0 ስለሚጀምር አዳማን የሚፈልግ ሰው 0 ያገኛል፤ በልል ንጽጽር ሲታይ ግን ከተማዋ «አልተገኘችም» ትባላለች። በተቃራኒው «ዝዋይ» ተብሎ ሲፈለግ የሚመለሰው «ፎልስ» ነው። ይህ ሳይፈተሽ የዋጋ ዝርዝሩ መለያ ቁጥር ሆኖ ከገባ ፒኤችፒ ወደ 0 ይለውጠዋል። ስለዚህ ወደ ዝዋይ የሚሄደው ተሳፋሪ ከዚያ በጣም የምትቀርበውን የአዳማን ዋጋ ይከፍላል። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ማስጠንቀቂያም አያሳይም፤ ስህተቱ የሚታወቀው ሒሳብ ሲጎድል ነው።

ተገቢው አያያዝ

አለመሳካት በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የሚጠበቅ ነው፤ የተፈለገ ስም አለመገኘት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውጤቱ በ=== ተፈትሾ ተጠቃሚው ከተማውን እንደገና እንዲመርጥ ይጠየቃል። ሁለቱንም ስሞች ወደ አንድ የሚያመራ ሠንጠረዥ ማዘጋጀትም ይጠቅማል።

ሁለተኛው የማይጠበቅ ነው፤ ለምሳሌ የመረጃ ቋቱ ግንኙነት መቋረጥ። ለዚህ የሚሻለው እ.ኤ.አ. በ2004 በፒኤችፒ 5 የገባው ኤክሴፕሽን ነው። ኤክሴፕሽን ሲነሳ የተለመደው የሥራ ሂደት ይቋረጣል፤ በ«ትራይ» ክፍል ውስጥ ከተነሳ ደግሞ ተዛማጁ የ«ካች» ክፍል ይቀበለዋል። የሚቀበለው ክፍል ከሌለ ፕሮግራሙ ይቆማል። በመሆኑም እንደ «ፎልስ» በዝምታ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፒኤችፒ 8 ብዙ ነባር ፋንክሽኖች የማይሆን ግብዓት ሲሰጣቸው በዚህ መንገድ እንዲያሳውቁ አድርጓል።

«ካች»ን ባዶ መተው ግን ችግሩን መልሶ መደበቅ ነው። በአገልግሎት ላይ ባለ ድረ ገጽ የስህተቱ ዝርዝር ለባለሙያ በመዝገብ ፋይል ይጻፋል፤ ለተጠቃሚው «አገልግሎቱ ለጊዜው አልተሳካም፤ ክፍያ አልተፈጸመም» የሚል አጭርና እውነተኛ መልእክት ይበቃል። የፋይል አድራሻና የይለፍ ቃል የያዘ የስህተት ጽሑፍ በገጹ ላይ መታየቱ ለአጥቂዎች በር ይከፍታል።