ኮረብታው የማን ነው? ስለ ካርቦን ንግድ አጭር ታሪክ

ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍል ስንሄድ ከጎንደር ዙሪያ ገጠሮች እንጨት ተሸክመው የሚገቡ እናቶች እናገኛለን። ጀርባቸው በባሕር ዛፍ ሸክም ጎብጧል። ወደ ደጋው ከፍ ሲሉ ደግሞ እንጨቱም ስለሌለ የሚነደው ኩበት ነው፤ ማሳውን ማዳበር የሚገባው ምድጃ ይገባል። ታዲያ ለእነዚህ ሰዎች «ኮረብታውን ካልነካችሁት የአውሮፓ ፋብሪካ ገንዘብ ይከፍላችኋል» ብንላቸው ምን ይሉናል? «ተሜ ደግሞ ቀልድ ጀመረ» ማለታቸው አይቀርም። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ታሪክ አለው፤ በአገራችንም ተሞክሯል።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። መንግሥት ለፋብሪካዎች የጭስ ጣሪያ ያበጃል። ከተፈቀደለት በታች ያጨሰ ትርፉን ፈቃድ ይሸጣል፤ ጣሪያውን ያለፈ ይገዛል። አሜሪካ በ1990 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባወጣችው ሕግ ከኤሌክትሪክ ማመንጫዎቿ የሚወጣውን የድኝ ጭስ በዚህ ዘዴ ቀነሰች። በ1997 ኪዮቶ ላይ የጸደቀው ውል ዘዴውን ወደ ካርቦን አመጣው። ውሉን የተቀበሉ የበለጸጉ አገሮች ጭሳቸውን ይቀንሳሉ፤ ካልሆነላቸው በድሃ አገር ጭስ ያስቀረ ወይም ደን ያለማ ሥራ ገዝተው ዕዳቸውን ያወራርዳሉ። ክርክሩ ቀላል ነው፦ ጭስ ድንበር አያውቅም፤ አንድ ቶን ካርቦን ለንደን ቢቀር ወይም ጎንደር ቢቀር ለሰማዩ አንድ ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ ንግድ ዋና ምስክር ወላይታ ውስጥ ያለው ሑምቦ ነው። የሑምቦ ተራራ ደን በ1960ዎቹ መጨረሻ በአብዛኛው ተመንጥሮ አልቆ ነበር። ወርልድ ቪዥንና የዓለም ባንክ ከገበሬዎቹ ጋር ሆነው 2,728 ሄክታር ከልክለው አስጠበቁ። አብዛኛው ችግኝ አልተተከለም፤ ከድሮው ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን ቀንበጥ እየመረጡ ገረዙት እንጂ። ሥራው በታኅሣሥ 2009 በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ገባ። በ30 ዓመት 880,000 ቶን ካርቦን ያስቀራል ተብሎ ተሰላ፤ ከዚህ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ፈንድ ሊገዛ ተዋዋለ። ልብ በሉ፤ ከሽያጩ በፊት ገበሬዎቹ በሰባት ማኅበራት ተደራጅተው የደኑን የመጠቀም መብት በሕግ ተቀብለዋል። ከብት ማሰማራት ቢከለከልም ሣር አጭደው ይወስዳሉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው።

እንከኑስ? አንደኛ፣ ገበያ ገበያ ነው። አውሮፓ በ2005 የራሷን የካርቦን ገበያ ስትከፍት ለፋብሪካዎቹ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ፈቃድ አደለች፤ በ2007 ዋጋው ዜሮ አፋፍ ደረሰ። በ2012 ደግሞ ከድሃ አገር የሚገዛው የካርቦን ዋጋ ተንኮታኮተ። ጤፍ ቢረክስ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ሽምብራ ይዘራል፤ ለ30 ዓመት የተዋዋለ ኮረብታ ግን ምን ይዘራበታል? ሁለተኛ፣ «ገንዘቡ ባይከፈል ዛፉ ይቆረጥ ነበር» የሚለውን ማን ያረጋግጣል? ያልሆነ ነገር ምስክር የለውም። ሦስተኛ፣ አንድ አሜሪካዊ በዓመት ከ10 ቶን በላይ ካርቦን ሲያጨስ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ አንድ ቶን እንኳ አይሞላም። እኔ ጮማ ስቆርጥ አንተ ጹምልኝ ብሎ መክፈል ጾም ነው እንዴ?

ለእኛ ለጎንደር ሰዎች ግን ከሁሉ የሚከብደው የመሬቱ ጥያቄ ነው። የሰሜን ተራሮችን እንይ። ፓርኩ በ1969 ተመሠረተ፣ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገባ። በ2016 በፓርኩ ውስጥ የሚኖሩት የጊች ሰዎች፣ 418 አባወራ፣ ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ጊች የተነሣው ለካርቦን ሳይሆን ለፓርኩ ጥበቃ ነው፤ ዋልያውም ጓሳውም መጠበቅ ነበረባቸው። ሆኖም አንድ ነገር ያስተምረናል፦ ተራራ ለዓለም ዋጋ ሲያወጣ በላዩ የሚኖረው ሰው ቦታ ይጠባል። ነገ ሣሩና ዛፉ በቶን ሲተመንስ?

በተቃራኒው ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተመልከቱ። ጥዱና ወይራው ያለ ካርቦን ገበያ እስከ ዛሬ ቆሟል። ባለቤቱና ሥርዓቱ የታወቀ ነዋ!

በ1965 ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። በ1975 አዋጅ ባላባቱ ቀረ፤ የ1995 ሕገ መንግሥት ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ገበሬው ይጠቀምበታል አለ። በ2018 የወጣው የደን አዋጅ የማኅበረሰብን ደን አውቋል፤ ይህ መልካም በር ነው። በበኩሌ የካርቦንን ንግድ አልቃወምም፤ ሑምቦ መልሶ ለምልሟልና። ነገር ግን የመጠቀሚያ ደብተሩ አስቀድሞ በገበሬው እጅ ይግባ፣ ዋጋው የማይወርድበት ወለል በውሉ ይጻፍ፣ እንጨት ተሸካሚዋም እናት ኮረብታው ሲዘጋ በምን እንደምትጋግር ይታሰብላት። ያለዚያ ሰማዩን ለማዳን ብለን ምድጃዋን እናጠፋባታለን። ስለዚህ ገዢው «ስንት ቶን አላችሁ?» ብሎ ሲመጣ እኛ አስቀድመን «ኮረብታው የማን ነው?» ብለን እንጠይቅ።