የተአምረ ማርያም ሥዕሎችና አንዲት ኑዛዜ

ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የሚወስደው መንገድ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ያልፋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በዚሁ መንገድ እንዳስጎተቱ የታወቀ ነው። በመቅደላ ግን ከመድፉ የሚበልጥ ሀብት ነበረ፤ ይኸውም ንጉሡ በተለይ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው ለመድኃኔ ዓለም ያከማቹት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ የብራና መጽሐፍ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሞቱ፤ አምባውም ተዘረፈ። እንግሊዞች ምርኮውን በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጡት። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ለንደን ወደሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መዘክር ገቡ፤ ሌሎቹም በየሰው እጅ ተበተኑ።

ከተበተኑት መካከል አምስቱ ሌዲ ሚውስ ከተባሉ እንግሊዛዊት ባለጸጋ ዘንድ ደረሱ፤ በሥዕል ያጌጠ ተአምረ ማርያምም ከነዚሁ አንዱ ነበረ። ዋሊስ ባጅ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ከመቶ በላይ ሥዕሎችን በቀለም አስቀርጾ ከትርጓሜው ጋር አሳተመ። ወይዘሮዋ በታኅሣሥ 1903 ዓ.ም. ሲሞቱ፣ መጻሕፍቱ ለዐፄ ምኒልክ እንዲሰጡ ተናዝዘው ተገኙ። ነገር ግን ኑዛዜው በፍርድ ቤት ፈረሰ፤ መጻሕፍቱም ተሸጠው ኸርስት የተባለው አሜሪካዊ የጋዜጣ ባለቤት ገዛቸው።

እነሆ፣ በገንዘብ የያዙት ሰው እንኳ መጽሐፉ የማን እንደሆነ አውቀው መስክረዋል፤ ምስክርነቱ ግን ብቻውን አልበቃም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥትን በስሙ ጠርተው ለእንግሊዝ መንግሥት በጻፉ ጊዜ ግን መጽሐፉ ተመልሶላቸዋል። ስሙና ባለቤቱ ተለይቶ የታወቀ መጽሐፍ ጠያቂ አያጣም፤ ያልተመዘገበ መጽሐፍ ግን ቢጠፋ እንኳ መጥፋቱን የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ በዙር አምባም ሆነ በቤተ ልሔም፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ፣ ጥንታዊ ብራና የሚጠብቁ አባቶች የመጽሐፉን ስም፣ የቅጠሉንና የሥዕሉን ቍጥር፣ በኅዳጉ የተጻፈውን የሰጪውን ስም በመዝገብ ቢያሰፍሩ፣ ከዕቃ ቤት ቍልፍ የማያንስ ጥበቃ ይሆናል። ቍልፍ ይሰበራል፤ በሁለት ስፍራ የተቀመጠ መዝገብ ግን መጽሐፉ ከተወሰደ በኋላም ስለ ባለቤቱ ይመሰክራል።